የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በደሴ፦ ከተጠቃሚ ጎረቤት የቀረበ ግምገማ

ለችግረኛ የከተማ ነዋሪዎች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የታቀፈችው ደሴ ነበረች። እኔ ራሴ ተጠቃሚ አይደለሁም፤ ሆኖም ከቅሬያችን (በሌላው አገር ዕድር ከሚባለው የሰፈር ማኅበር) አባላት መካከል የታቀፉ ስላሉና አንዲት አዛውንት ጎረቤቴን ከምዝገባ እስከ ክፍያ አብሬ ስለተመላለስኩ፣ አገልግሎቱን እንደ ማንኛውም ደንበኛ መመዘን እችላለሁ።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ጉልበት ያላቸው ተጠቃሚዎች በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የጸና ሕመም ያለባቸው ደግሞ ሥራ ሳይጠየቁ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከታሰቡት 604,000 ሰዎች ውስጥ 84 በመቶው በሥራ፣ 16 በመቶው በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ነበር የታቀደው። ለዚሁ ምዕራፍ ከተመደበው 450 ሚሊዮን ዶላር 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ ቀሪው ከመንግሥት ነው።

የአገልግሎቱ ጥንካሬም ድክመቱም ጎልቶ የሚታየው በተጠቃሚዎች ልየታ ላይ ነው። በአንድ በኩል ስለ ቤቱ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ቤተሰቡ ብዛት የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል፤ በሌላ በኩል ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ማን በእርግጥ ችግረኛ እንደሆነ ይመሰክራል። በወሎ ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። እዚህ ድህነት ደጅ ላይ አይሰጣም፤ ጓዳው ባዶ የሆነ ሰው እንኳ እንግዳ ሲመጣ ቡና ከጎረቤት ተበድሮ ጀበና ይጥዳል፤ መዝጋቢ ሲመጣም «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን» ብሎ ይሸኛል። ጎረቤቴም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ከባለቤታቸው የቀረው ቡፌ በቅጹ ላይ ሲሰፍር ኑሮ የሞላላቸው መስለው ታለፉ። ስም ዝርዝሩ ተለጥፎ የነዋሪው አስተያየት ሲጠየቅ ግን፣ ሼኩም ቄሱም የሚገኙበት የቅሬያችን ሽማግሌዎች ቡፌው ውስጥ አንድም ሰሃን እንደሌለ ያውቁ ስለነበር፣ ጉዳዩን ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አስረድተው አስመዘገቧቸው። (ቅሬና ቅሬታ አብረው ሲውሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።) ቅሬው ባይኖር ቅጹ ብቻውን ይሉኝታን ሊያነብ አይችልም ነበር።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ ለተቀመጠች ከተማ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መጥረግ ተራ ነገር አይደለም፤ በእኛ ሰፈር ክረምት ሳይገባ በሴፍቲኔት ሠራተኞች የተጠረገው ቦይ ውሃውን ከየበራችን መልሶልናል። ከክፍያው 20 በመቶው በተጠቃሚው ስም መቆጠቡንም እወደዋለሁ፤ በቆይታው ማብቂያ ከሚሰጠው፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 500 ዶላር ገደማ ከነበረው የሥራ ማስጀመሪያ ገንዘብ ጋር ሲደመር ጉሊት ለመዘርጋት ወይም በግ ለማደለብ መነሻ ይሆናል። ነገር ግን ዶላሩ እንጂ ብሩ ባለበት አይቆምም፤ ገንዘቡ የሚገዛው ነገር ከዓመት ዓመት የሚለያይ በመሆኑ የቀን ክፍያውም ቢሆን ከገበያው ጋር በየጊዜው መከለስ ይኖርበታል።

ያስመረረኝ የክፍያው አሰጣጥ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ የጎረቤቴን ስም በሐመሩ «ሐ» ፋንታ በሃሌታው «ሀ» በመጻፉ፣ ዳገቱን በምርኩዝ እየወጡ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። አንድም ሠራተኛ ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ሆኖም ፊደሏን ለማቃናት የሚደፍር አልነበረም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች ሰፍቶ ለወጣቶች የሥራ ልምምድ ጨምሯል። ለመመዝገብ የምታስቡ፣ ስም ዝርዝር በተለጠፈ ቀን ሄዳችሁ አንብቡ፤ የስማችሁን ፊደል በመታወቂያችሁ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ዝም የሚል ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ለቅሬው ዳኛ (መሪ) ቀድማችሁ ንገሩ።