የሦስት ሳምንት ፈቃድና አንድ ግራናይት

ከአገር ቤት ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ጥፍሬ ሥር የገባው የድንጋይ ዱቄት ግን ገና አሁን የለቀቀኝ ይመስለኛል። ለእናቴ የገባሁት ቃል ቀላል ነበር፦ የኩሽናዋን ውሃ የጠገበ የእንጨት ጠረጴዛ አንስቼ በግራናይት ልተካላት። ቀለም መምረጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መስሎኝ ነበር። ከፈቃዴ አሥሩን ቀን በላው። የመመለሻ ትኬቱን ቀን እየቆጠረ የወላጆቹን ቤት ለሚያድስ ሰው ቢጠቅመው፣ ያገለገሉኝን ሰዎች ሥራ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት መሸጫ ያማረ ነው። መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ ሻጩ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ መዳፍ የሚያህሉት ናሙናዎች እንደ መጻሕፍት በመደርደሪያ ተሰድረዋል። በነጭ ላይ ግራጫና ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበትን አንስቼ ወደድኩት። «እህቴ፣ ዘመኑ የነጭ ነው» አለኝ። ከዘመን ጋር ማን ይጣላል? ቀብድ ከፈልኩ።

በማግስቱ ሙሉውን ሰሌዳ ልይ ስል «ያው ነው» ተባልኩ። አልለቅም ብዬ ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ሦስት ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሰሌዳ በአንድ ጫፉ የናሙናዬ መንትያ ነው፤ መሀሉን ግን ክንድ የሚያህል የዝገት ቀለም ያለው ጅረት አቋርጦታል። እንዲህ ያለው ቢጫ ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ውስጥ ካለው ብረት የሚመጣ ነው፤ የሚወደውም ሰው ሞልቷል። የእኔ ቅሬታ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን «ያው ነው» በሚለው ቃል ላይ ነው። መዳፍ በምታህል ቁራጭ ሙሉ ሰሌዳ መግዛት አንድ ቁልፍ አይቶ ካፖርት እንደ መግዛት ነው። ቀብዴ ከአምስት ቀን ጭቅጭቅ በኋላ ተመለሰልኝ።

ሁለተኛው ቦታ ጣሪያው ግማሽ ድረስ ብቻ የደረሰ የድንጋይ ግቢ ነበር፤ ወንበር እንኳ የለውም። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ምን ቀለም እንደምፈልግ ከመጠየቃቸው በፊት «ልጄ፣ የኩሽናው መስኮት ወዴት ይዞራል? አምፖሉ ቢጫ ነው ነጭ? ካቢኔቱስ?» አሉኝ። አንዱንም በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። «እንግዲያው የካቢኔቱን አንድ በር ፈትተሽ አምጪ» ብለው ሸኙኝ። ሊሸጥ የተቀመጠ ሰው ደንበኛውን ባዶ እጁን ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እናቴ በሩን ስፈታ አይታ «እዚያ አገር የምትሠሪው ይህን ነው?» አለችኝ።

በሩን ይዘን፣ እሷም ተከትላኝ፣ ተመለስን። ጋሼ በሩን ከሰሌዳዎቹ አጠገብ አቁመው በየተራ ሁለት አምፖል አበሩበት፤ አንዱ 2700፣ ሌላው 4000 ኬልቪን የሚል ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫ፣ ሲጨምር ነጭ ይሆናል። በቤቴ ነጭ ብርሃን ሥር ጸጥ ያለ የሚመስለኝ ግራጫ በመጀመሪያው አምፖል ቡናማ መሰለ፣ በሁለተኛው ወደ ሰማያዊ አደላ። ግራናይት የተለያዩ ማዕድናት ቅልቅል ስለሆነ አንድ ቀለም የለውም። ኳርትዙ ብርጭቆ መሳይ ግራጫ ነው፤ ፌልድስፓሩ ነጭ ወይም ሮዝ ይሆናል፤ ማይካው ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ብርሃኑ ሲለወጥ ከሦስቱ አንዱ ጎልቶ ይወጣል፤ እኛ ደግሞ ድንጋዩ የተለወጠ ይመስለናል።

እኔን የማረከኝ ከኖርዌይ የሚመጣውና ነጋዴዎች «ብሉ ፐርል» የሚሉት ነበር። ፊት ለፊት ሲቆሙለት የደፈረሰ ጥቁር ነው፤ አንገትን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉ ጥፍር የሚያካክሉ ፍንካቾች ሰማያዊና ብርማ ብርሃን ይረጫሉ። ሥነ ምድሩን የሚያውቁ ግራናይት አይሉትም፤ ላርቪክ በተባለችው ከተማ ስም ላርቪካይት ይሉታል። «ጥቁር ግራናይት» ተብሎ ከሚሸጠውም ብዙው በትክክለኛ ስሙ ጋብሮ የሚባል ሌላ ድንጋይና ዘመዶቹ ነው። ጠረጴዛ ለሚሆን ሰሌዳ ይህ ስድብ አይደለም። እናቴ ግን ሰማያዊውን አንዴ አይታ «ዓይን ያለው ነገር ላይ ሽንኩርት አልከትፍም» አለች፤ ያ ምዕራፍ በዚያው ተዘጋ።

እሷ የምትፈልገው ጥቁር ነው፤ እድፍ አያሳይም ብላ። እዚህ ላይ ጋሼ ተከራከሯት። ጥልቅ ጥቁር ሆኖ በደንብ የተወለወለ ድንጋይ ዘይቱን ይደብቅ ይሆናል እንጂ አቧራውን፣ የጣት አሻራውንና የደረቀ የውሃ ጠብታን እንደ መስታወት ያሳጣል። ወዲያው ነጭ ጨርቅ በአሴቶን ነክረው አንዱን ጥቁር ሰሌዳ ሲወለውሉት ጨርቁ ጠቆረ። ቀለም የተቀባ ነው። «ይህን አልሸጥልሽም» አሉና ወደ ጥግ አዙረው አቆሙት። (ታዲያ ለማን ሊሸጡት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።) ቀጥለው በአንድ ነጭና በአንድ ጠቆር ያለ ሰሌዳ ላይ ውሃ ጠብ አደረጉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጩ ላይ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ጠይሞ ቀረ፤ ድንጋዩ ውሃውን ጠጥቶታል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም ይጠጣል፤ ነጭ የሚመርጥ ሰው ውሃና ዘይት እንዳይሰርግ የሚያግደውን የመከላከያ ቅባት በየጊዜው መቀባት እንዳለበት አብሮ ይወቅ።

ጠብታውን ሳይነካ የቆየው ከብራዚል የሚመጣው «ኡባ ቱባ» ነው። እናቴ በስሙ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም ብላ አየችው። ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ በውስጡ ወርቅማ ፍንጣሪ አለው። ከካቢኔቷ ማር መሳይ እንጨት ጋር ሲቆም ሁለታችንም ሌላ ሰሌዳ መመልከት ተውን። የምንቆርጠውን ሰሌዳ በቾክ ስሜን ጽፌበት ፎቶ አነሣሁት፤ ይህን ሳያደርጉ አይውጡ።

ልኬት የወሰደው ወጣት በሰዓቱ መጣ፣ ግድግዳው ማዕዘኑን እንዳልጠበቀ አሳየኝ፣ በስስ ጣውላ ቅርጹን አውጥቶ ሄደ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ካቢኔቱን ነቅንቆ መፈተሹንም አልዘነጋም። ስለ እሱ የምለው ምስጋና ብቻ ነው።

ገጣሚዎቹ ሌላ ናቸው። ሁለት ቀን ዘገዩ፤ የእኔ በረራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙበትን መስመር በነጣ ያለ ማጣበቂያ ሞሉትና ጥቁር አረንጓዴው ጠረጴዛ ላይ ጠባሳ አተረፉልኝ። «ሲደርቅ ይጠፋል» አሉ። አስፍቄ አስወጣሁና ጥቁር ቀለም በተቀላቀለበት አስሞላሁት፤ አሁን መስመሩን የሚያገኘው ጣት እንጂ ዓይን አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ለመከላከያ ቅባት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁ። የግዴታ ነው አሉ። ከቧንቧው ውሃ በእጄ ዘግኜ አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ጠብ አደረግኩ። ሁለቱ ገጣሚዎችና እኔ ክንዳችንን አጣጥፈን ጠብታ ውሃ ላይ አፈጠጥን፤ እናቴ ሰዓቷን ይዛ ቆመች። አሥር ደቂቃው ሲሞላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ጎንበስ ብላ አየችው።

«አልጠጣም» አለች።