ለንደን፣ ቴክሳስ ወይስ አክራ? የኒውክሌር ደኅንነት ማስተርስ ለምታስቡ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ማመንጫ ሊገነባ እንደታሰበ ከተነገረ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ሁለት ሳምንት አለፍ ብሎ ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ሲፈረም ደግሞ ጭራሽ ባሰ። ፊዚክስ የጨረሰ ወንድም ያለውም፣ ኢንጂነሪንግ የምትማር ልጅ ያለችውም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «በኒውክሌር ደኅንነት ማስተርስ የት ይሻላል?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ዘርፉን በሁለት መንገድ መማር ይቻላል፤ በሳይንስና ኢንጂነሪንግ፣ ወይም በፖሊሲ። እኔ የሳይንሱን መንገድ ነው የምመርጠው፤ እሱም ሌላ ሰው የሚከፍልበትን። የፖሊሲ ማስተርስን ከራስ ኪስ ከፍሎ መማር ለማንም አልመክርም።

ምክንያቱ ሥራው ራሱ ነው። የኒውክሌር ቁስና የጨረር ምንጭ እንዳይሰረቅ፣ እንዳይጠፋ፣ ክፉ ያሰበ ሰው እጁ እንዳይደርስበት መጠበቅ ነው። እኛ አገር ማመንጫ ገና የለም፤ የጨረር ምንጭ ግን አለ። ጥቁር አንበሳ ካንሰር ለማከም ለብዙ ዓመታት የተጠቀመው ኮባልት 60 በሚባል ጨረር አመንጪ ነው። ቃሊቲ የቆላ ዝንብን ወንዶች የሚያመክነው ተቋምም የሚሠራው በጨረር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ብራዚሎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጎያኒያ ከተማ ጥለውት ከሄዱት ክሊኒክ ውስጥ የሕክምና ማሽን ወጣ። ሲዚየም 137 የሚባል ጨረር አመንጪ እንደያዘ ቆራሌዎች እጅ ገባ። አራት ሰው ሞተ።

አንድ ወዳጄ በዚሁ ዘርፍ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ ነበር። ከውጭ በብዙ ገንዘብ የፖሊሲ ማስተርስ ይዞ የመጣ ልጅ ነው። የጠየቁት እንዲህ ነው፦ «100 ቴራቤክሬል ኮባልት 60 ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ይዛወራል። ምድቡ ስንት ነው?» ቴራቤክሬል የጨረር ምንጭ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ምድብ ደግሞ የአደገኛነት ደረጃው። መልሱ አንድ መስመር ስሌት ነው። ለኮባልት 60 አደገኛ የሚባለው መጠን 0.03 ቴራቤክሬል ነው። 100ን ለ0.03 ስታካፍሉ ከ3,000 በላይ ይመጣል። ከ1,000 ጀምሮ ያለው ምድብ አንድ ነው፤ ከዚያ የሚከብድ ምድብ የለም። ጥበቃውም እንደዚያው ይከብዳል። ወዳጄ ስምምነቶቹን በቃሉ ያውቃል። የኒውክሌር ቁስ ጥበቃ ስምምነት የ2005ቱ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ መዋሉን፣ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1540 ምን እንደሚል፣ ሁሉንም። ይህችን ግን አልመለሳትም። ቦታውን ያገኘችው ሜዲካል ፊዚክስ የተማረች ልጅ ናት።

አሁን ወደ ዋጋው። ከለንደን ልጀምር። ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሳይንስና የደኅንነት ጥናት ማዕከል አለው። በፖሊሲው በኩል ስሙ ከባድ ነው፤ አልክድም። ግን ደምሩት። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2025 524 ፓውንድ ነበር። የጤና ክፍያ በዓመት 776 ነው ይባላል፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ግን ከዓመት ስለሚያልፍ የምትከፍሉት 1,164 ነው። በዚህ ላይ ለኑሮ የሚሆን 13,761 ፓውንድ ባንክ ውስጥ ለ28 ቀን ሳይነካ መቀመጡን ማሳየት አለባችሁ። ብር በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ በኋላ ይህ ብቻውን ሁለት ሚሊዮን ብር ያልፋል። አንድ ክፍል እንኳ ሳትገቡ! ሲያልቅም ለመቆየት የሚሰጠው የሥራ ቪዛ እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ከሁለት ዓመት ወደ 18 ወር ወርዷል። እዚያው እንግሊዝ የኒውክሌር ሳይንሱን ልማር ካላችሁ ደግሞ አታስ የሚባል ተጨማሪ ፈቃድ አለ። ነጻ ነው፤ ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ ያለሱም ቪዛ የለም። ይህን ረስተው የትምህርት መጀመሪያ ያለፈባቸውን አውቃለሁ።

ለንደን የምትሄዱት የእንግሊዝ መንግሥት በሚሰጠው ቺቭኒንግ በሚባለው ነጻ የትምህርት ዕድል ከሆነ ግን ዓይናችሁን አትሹ። ሁሉንም ይከፍላል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም አገራችሁ ገብታችሁ ሁለት ዓመት መቆየት አለባችሁ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም።

አሜሪካ ያለው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የኒውክሌር ደኅንነት ማዕከል አለው። ተማሪው የሚመረቀው በኒውክሌር ኢንጂነሪንግ ሆኖ ደኅንነቱን በላዩ ይጨምርበታል። የምወድለት ይህንን ነው፤ ደኅንነቱ ባያበላ ኢንጂነሪንጉ ያበላል። ዋጋው በወረቀት ላይ ያስደነግጣል። በምርምር ረዳትነት የገባ ተማሪ ግን ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የወር ደመወዝም ያገኛል። ይህ ዕድል በፖሊሲ ትምህርት እምብዛም የለም። ስለዚህ ማመልከቻ ከመክፈላችሁ በፊት ለፕሮፌሰሮቹ ጻፉ። ከኪስ የሚወጣው የቪዛ 185 ዶላርና የተማሪ ምዝገባ 350 ዶላር ነው። የትምህርቱ ዓይነት «ኒውክሌር» ሲል ቆንስሉ ለተጨማሪ ማጣሪያ ሊያቆየው እንደሚችል ዕወቁ። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቪዛም ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። ለዕረፍት አገር ቤት መጥቶ መመለስ ማለት እንደገና ኤምባሲ መሰለፍ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ፓስፖርት ነው። ሎስ አላሞስ፣ ሳንዲያ፣ ኦክ ሪጅ፣ እነዚህ የአሜሪካ መንግሥት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያለው የደኅንነት ሥራ አብዛኛው የአሜሪካ ዜግነትና የምስጢር ፈቃድ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ሄዶ ተምሮ እዚያ እቀጠራለሁ ብሎ ማሰብ አያዋጣም። በተቃራኒው ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ የአበሻ ልጆች በሩ ወለል ብሎ ነው የተከፈተው። የአሜሪካ ኃይል ሚኒስቴር የኒውክሌር ደኅንነት አስተዳደር ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ደመወዝተኛ ፌሎውሺፕ አለው፤ ለዜጎች ብቻ። ከእናንተ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ለሚሠራ ሰው የእኔ ምርጫ አክራ ነው። የጋና ዩኒቨርሲቲ የኒውክሌርና ተዛማጅ ሳይንሶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው ከጋና አቶሚክ ኃይል ኮሚሽንና ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ነው። ማስተርሱ አለ። ስድስት ወር ገደማ የሚፈጅ የጨረር መከላከል የድኅረ ምረቃ ሥልጠናም አለ። በኤጀንሲው ፌሎውሺፕ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ የሚወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አየር መንገዳችንም ቀጥታ ይበራል። አንድ ችግር አለው፤ ፌሎውሺፑ በግል ማመልከቻ አይገኝም። መሥሪያ ቤታችሁ ጽፎ፣ በመንግሥት በኩል አልፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታልም ሆነ የጨረር ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ጋ ሥራ ያዙ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ደብዳቤው ግን ከእሱ ይበልጣል።

ቪየና፣ የኤጀንሲው ዋና መሥሪያ ቤት፣ መቀጠር ለሚያልም ሰውም መንገዱ ይኸው ነው። ኤጀንሲው ፒ 3 ለሚባለው የባለሙያ ደረጃ አምስት ዓመት፣ ለፒ 4 ሰባት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። ትኩስ ማስተርስ ብቻውን አያስገባም። ገብታችሁም ቆይታው ብዙውን ጊዜ ከሰባት ዓመት አያልፍም፤ መመለሻ ቤት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ስለ ደላላና ስለ አስመሳይ። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ዘመዴ «ዓለም አቀፍ የኒውክሌር ደኅንነት ኤክስፐርት» የሚል የኦንላይን ሰርተፊኬት ከ400 ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ። ዶላሩን ያገኘው በስንት ልመና ነው! ውስጡን ሳየው ኤጀንሲው በነጻ ካስቀመጣቸው የኦንላይን ትምህርቶች የተገለበጠ ስላይድ ነው። እውነተኛውን ኤጀንሲው ራሱ በነጻ ያስተምራል፤ ሲጨርሱም ማረጋገጫ ይሰጣል። ክፍያ ያለው ግን የታወቀ ከፈለጋችሁ ቪየና ያለው፣ በኒውክሌር ደኅንነት የሚያሠለጥነው ዊንስ አካዳሚ አለ። ሌላው ሞንተሬይ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሚድልበሪ ኢንስቲትዩት በዚህ ዘርፍ ትልቅ ስም ነበረው። በነሐሴ 2017 ግን መደበኛ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን እስከ ሰኔ 2027 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታውቋል። «ሞንተሬይ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉበት። በርቀት የሚሰጥ ማስተርስ ካሰባችሁም ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዳችሁ የአቻ ግምት እንደሚሰጠው ጠይቁ። ከፍሎ ወረቀት ታቅፎ መቅረት አለ።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ብቻ የተቀመጠ ገንዘብ አለ። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ፌሎውሺፕ ለማስተርስ ተማሪ ሴቶች በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ ለትምህርት፣ እስከ 10,000 ዩሮ ለኑሮ ይሰጣል፤ እስከ ሁለት ዓመት። ከዚያም የተግባር ልምምድ ያመቻቻል። የኒውክሌር ደኅንነት ከዘርፎቹ አንዱ ነው። ይህ ገንዘብ ለንደንን አይሸፍንም፤ ክፍያው ዝቅ ያለ የአውሮፓ ወይም የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲን ግን በደንብ ይሸፍናል። በዓመት አንዴ ነው የሚከፈተው። ማመልከቻው ሲከፈት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ እጃችሁ ላይ እንዲኖር፣ ትራንስክሪፕታችሁን ከሬጅስትራር ማስወጣት ዛሬውኑ ጀምሩ።