ሕያው እርሾ ለባዝራዬ ለወራት ሰጥቼ ያየሁት

ስለ ፈረስ እርሾ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ወፈረችልህ ወይ፣ ፀጉሯ አበራ ወይ ነው የሚለኝ። አልወፈረችም፣ ፀጉሯም ያው ነው። እኔ ግን በመግዛቴ ደስ ብሎኛል፣ ደስ ያለኝም በፋንድያዋ ነው። ነገሩ በደንብ የገባኝ ደግሞ እርሾውን ስሰጣት ሳይሆን ያለቀብኝ ጊዜ ነው።

ባዝራዬ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነች። ጥርሷን ሐኪም አይቶ ሞርዶላታል፣ የሆድ ትል መድኃኒቷንም በጊዜው ትወስዳለች፣ ግን ፋንድያዋን በጓንት ስፈረክሰው ውስጡ የጣት ርዝመት ያለው ሳር እንደገባ ሳይፈርስ ወጥቶ አገኘው ነበር። ወንፊት ላይ አድርጌ ውሃው እስኪጠራ ሳጥበው የሚቀረው ድርቆሽ ነው ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። እርሾውን ከጀመርኩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው እያጠረ እየደቀቀ መጣ፣ እኔም አላመንኩትም፣ የድርቆሹ ለውጥ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ከዛ እርሾው አለቀና አዲሱ እስኪመጣ ቆየብኝ። ድርቆሹ ከዛው ክምር፣ እህሉ ያው፣ ስራዋም ያው፣ ፋንድያው ግን ወደ ድሮው ተመለሰ! ረዣዥሙ ሳር እንደገና ወንፊቱ ላይ። አዲሱ መጥቶ ስጀምርላት ቀስ እያለ እንደገና ደቀቀ። አንድ ፈረስ ላይ የታየ ነገር ለሁሉም ይሰራል አልልም፣ ጥናቶቹም ራሳቸው አንዳንዶቹ ፋይበር፣ ማለትም የሳሩ ጭረት፣ በደንብ ተፈጨ ሲሉ ሌሎቹ ምንም ልዩነት አላየንም ይላሉ። ለኔ ግን ያቺ የተቋረጠችበት ጊዜ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ነች።

ለምን እንዲህ ይሆናል ለምትሉ፣ ፈረስ እንደ ላም አያመሰኳም፣ አንዴ አኝኮ ከዋጠ አበቃ። ጨጓራው ለሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ድርቆሹ በትክክል የሚፈርሰው ሲከምና ኮሎን በሚባሉት የኋለኛው አንጀት ክፍሎች ውስጥ ሲሆን ስራውን የሚሰሩት እዛ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ፕሮቶዞዋዎች ናቸው። እነሱ ፋይበሩን አብላልተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶች ያወጣሉ፣ በድርቆሽ የሚኖር ፈረስ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። እርሾው ራሱ ሳሩን አይፈጭም፣ ፋይበር ለሚበሉት ባክቴሪያዎች ሁኔታውን ያመቻቻል እንጂ። ደግሞ አንጀት ውስጥ ሰፍሮ አይቀርም፣ ከምግቡ ጋር አልፎ ይወጣል፣ ለዛ ነው በየቀኑ መሰጠት ያለበት፣ ለዛም ነው ሲቋረጥ የኔዋ ወደ ነበረችበት የተመለሰችው።

አሁን ወደ ሻጮቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው የምናደደው። «እርሾ ከሰጠህ እህል ብትጨምርም ችግር የለም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እባካችሁ አትስሙት። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ስታርች፣ ማለትም የእህል ዱቄታማው ክፍል፣ የበዛበት መኖ በሚበሉ ፈረሶች ላይ እርሾው የኋለኛውን አንጀት የፒኤች መውረድ፣ ማለትም አሲዳማ መሆኑን፣ እና የላክቲክ አሲድ መብዛትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ቀነሰ ማለት ግን አጠፋ ማለት አይደለም! ትንሹ አንጀት ያልጨረሰው ስታርች ወደ ኋላ ሲያልፍ ቁርጠትም የሰኮና ብግነትም ሊያመጣ ይችላል፣ እሱን እርሾ አይሸከምላችሁም። በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ስታርች ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም ባይበልጥ ነው የሚመከረው፣ ስለዚህ 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ግማሽ ኪሎ ስታርች ማለት ነው፣ ገብስ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስታርች ስለሆነ አንድ ኪሎ ገብስ ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ድርቆሹ ይሙላ፣ ጥርሱ ይታይ፣ ከዛ እርሾ።

ሌላው ሻጮቹ የሚያድበሰብሱት ሕያው እርሾና የሞተ እርሾን ነው። ማሸጊያው ላይ እርሾ ስለተባለ ብቻ ሕያው ነው ማለት አይደለም። የቢራ ጠማቂ እርሾ እየተባለ የሚሸጠው በአብዛኛው የሞተ ነው፣ ፕሮቲንና ቢ ቫይታሚን ይኖረዋል፣ እኔ የማወራውን ስራ ግን ከሱ አትጠብቁ። የእርሾውን ሳይንሳዊ ስም ሳካሮማይሲስ ሰርቪዚዬ ብሎ ማቆምም አይበቃም፣ ዳቦ የሚያቦካው እርሾም እኮ ስሙ እሱ ነው። የዝርያው መለያ ቁጥርና በግራም ስንት ሕያው ሴል እንዳለው መጻፍ አለበት፣ ያውም ፋብሪካ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የሚቆየው። የኔው ላይ ዝርያው አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የቱ ጊዜ ላይ እንደተቆጠረ ግን አይልም።

ከረጢቱ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ በደንብ አይዘጋም፣ ይሄ ለሕያው ነገር ትልቅ ጥፋት ነው። እርጥበት ገብቶ አፉ አካባቢ ያለው ዱቄት ሲቋጠር ስላየሁ አሁን ወዲያው ጠባብ አፍ ያለው ማሰሮ ውስጥ ገልብጬ ከጋጣው ውጪ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። መኖ በፈላ ውሃ የምታርሱ ሰዎችም እርሾውን ከቀዘቀዘ በኋላ ጨምሩት፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ የገዛችሁትን ሕይወት ራሳችሁ ነው የምትገድሉት።

መብላቷን ከጠየቃችሁ ችግር የለም፣ ትበላዋለች። እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ለሷ እገዛዋለሁ፣ ጥርሱ ደህና ለሆነና ፋንድያው ለደቀቀ ጎልማሳ ፈረስ ግን ግዙ ብዬ አልወተውትም። ለአምራቹ የሕያው ሴሉ ቁጥር የመቼ እንደሆነ ጽፌ ጠይቄያለሁ፣ ካልመለሱልኝ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ቀን የሚያረጋግጥ ሌላ ምርት ነው ቀጥሎ የማዘው።