ሦስት ጊዜ የተቀየረው ኩሽኔታ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከዋስትናው በኋላ

መኪናዋን ከገዛኋት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ባትሪዋ፣ ስለ ስክሪኗ፣ በአንድ ቻርጅ ስንት እንደምትሄድ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ተውኩት። ከሁለቱ ዓመት አንዱን ያሳለፍኩት አንድ ድምፅ እያዳመጥኩ ነው። የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚይዘው ውስጡ ኳስ ያለው ቀለበት፣ ሦስት ጊዜ ተቀየረ። አንዱ በዋስትና፣ ሁለቱ ከኪሴ።

የገዛኋት የካቲት 2016 ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከሉ የተባለበት ሰሞን ስለነበር ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ነበር። ባሕር ዳር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የምትመች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፤ ዳገት ካላችሁ ወደ ቤዛዊት መውጣት ነው። ከሽምብጥ ዓባይ ማዶ ደርሳችሁ ብትመለሱ ባትሪው መጉደሉን ልብ አትሉትም። የነዳጅ ሰልፍ የለም። ይሄ ሁሉ ዛሬም እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው የገዛሁት። የሻጩን ድርጅት ስም አልጠራም። ያስተናገደኝ ልጅ ትሑት ነበር፤ ሻይ አዘዘልኝ። "የስምንት ዓመት ዋስትና አላት" አለኝ። ደጋግሞ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ቤቴ ገባች። ወረቀቱን በወጉ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ዓመቱ ለባትሪው ነው። ለሌላው ሁሉ፣ ለመሪው፣ ለሾክ አብዞርበሩ፣ ለኩሽኔታው፣ አንድ ዓመት ወይም 20,000 ኪሎ ሜትር፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው።

አሁንም በሐሳቤ ከዚያ ልጅ ጋር እከራከራለሁ። "ወንድሜ፣ ውዱ እኮ ባትሪው ነው" ይለኛል። ልክ ነህ፣ ውዱ እሱ ነው። ግን እኔ የገዛሁት ባትሪ አይደለም፤ መኪና ነው። ስምንት ዓመት ስትል የምን ስምንት ዓመት እንደሆነ እዚያው ሻዩ ፊት ልትነግረኝ ይገባ ነበር።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ነሐሴ 2016 ነው፣ ገና 8,000 ኪሎ ሜትር ላይ። የነዳጅ መኪና ቢሆን ሞተሩ ይሸፍነው ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ዝም ያለ ቤት ማለት ነው፤ ትንሿ ነገር ሁሉ ትሰማለች። ከ40 በታች ምንም የለም። ከ40 በላይ ሩቅ ያለ ባጃጅ የሚመስል እምም የሚል ድምፅ ይነሳል፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ጎማ መሰለኝ። አስፋልቱ ሻካራ ሆኖ ነው ብዬም አሰብኩ። ቁርጡን ያወቅኩት አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ አስፋልቱ ለስላሳ ነው፤ እዚያ ላይ በመንገዱ ማሳበብ አይቻልም። መስኮቱን ዘግቼ ስሻገር ድምፁ ከእግሬ ሥር በግልጽ መጣ።

የትኛው ጎማ እንደሆነ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። እየነዳችሁ ወደ ግራ ታጠፉ፤ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ድምፁ ከጨመረ የታመመው የቀኙ ነው። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ከጨመረ ደግሞ የግራው። እኔ አደባባይ ስዞር ድምፁ ከፍ ይላል፣ ወደ ቀኝ ስወጣ ጸጥ ይላል። ቀኙ ነው።

ደወልኩ። ዋስትናው ገና ነበርና "አዲስ አበባ ጋራዣችን አምጣት" አሉኝ። ይሄን የሚል ሰው የኛን መንገድ አያውቅም። ባሰኘህ ቀን ተነስተህ የምትሄድበት ጊዜ አይደለም፤ ቢሆንም በአንድ ቻርጅ አትደርስም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ መስከረም ላይ አንድ ባለሙያ ከኩሽኔታው ጋር በአውሮፕላን ላኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አመሰገንኳቸው። ቤት ወስጄ ምሳ ጋበዝኩት። ልጁ ሰፈራችን ካለ ጋራዥ ቦታ ተውሶ ሠራ። ፕሬስ፣ ኩሽኔታን እኩል ገፍቶ የሚያስገባው ማሽን፣ አልነበረም። አሮጌውን በመዶሻ አወጣ፣ አዲሱንም በመዶሻ አስገባ። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ያኔ ምን እንደሚያበላሽ አላወቅኩም። ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ረሳሁት።

ዋስትናው የካቲት 2017 አለቀ። በሦስተኛው ሳምንት፣ መጋቢት ላይ፣ ድምፁ ተመለሰ። ያው ጎማ፣ ያው ድምፅ። የሄደችው 15,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ 20,000 አልሞላችም። ቀኑ ግን አልፏል።

ስልኩን ያነሳው ሌላ ሰው ነበር። "ዋስትናው አልቋል።" ይሄ ብልሽት እኮ ዋስትናው ሳያልቅ የጀመረ ነው፣ የጠገናችሁት እናንተ ናችሁ፣ የጠገናችሁት ነገር ስድስት ወር ሳይቆይ ነው የተበላሸው አልኩት። "አዲስ የተገጠመው ዕቃ በመኪናው ዋስትና ውስጥ ነው የሚታየው፤ የራሱ ዋስትና የለውም" አለኝ። ቀጥሎ "ውኃ ውስጥ ነድተህ ይሆናል" አለ። "የባሕር ዳር መንገድ ጉድጓድ ነው" አለ። "ጉብታ ላይ በፍጥነት ትወጣ ይሆናል" አለ።

እስቲ ይሄን እንየው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ክረምት ላይ መንገዱ ላይ ውኃ ይተኛል፣ ልክ ነው። ኮብልስቶኑ ያንገጫግጫል፣ ልክ ነው። ግን የግራው የፊት ኩሽኔታ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ አልተነካም። ዛሬ መኪናዋ 25,000 ላይ ናት፤ ግራው ድምፅ የለውም። በዚያው ጉብታ ወጥቷል፣ በዚያው ውኃ አልፏል። አንድ መኪና በአንድ መንገድ እየሄደ ቀኙ ብቻ ለምን ይታመማል? ይሄን ጠየቅኩት። መልስ አልሰጠኝም።

አዲስ ኩሽኔታ በ11,000 ብር ከነሱው ገዝቼ በካርጎ አስመጣሁ። የገጠመልኝ እዚሁ ያለ መካኒክ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ይህን ዓይነት መኪና አያውቅም። ጨርሶ ስንነሳ ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት በራ፤ እሺ ብሎ አልጠፋም። ለጊዜው በመብራቱ ነዳሁ። ሐምሌ ላይ፣ 18,500 ስትደርስ፣ ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በዚያ ቀን የተሰማኝን መግለጽ ይቸግረኛል። ባለቤቴ "ሽጣት" አለችኝ። እኔም ተስማማሁ፤ ማታውኑ ማስታወቂያ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ግን ድምፅ እንዳለባት እያወቅኩ ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልኩም።

አንድ ጓደኛዬ ነው ወደ ጋሼ የወሰደኝ። ጋሼ ፖሊ ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቆርጡና ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፖሊ ማለት በጃንሆይ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ የተቋቋመው፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል የሆነው ተቋም ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች እዚህ ከተማ ውስጥ አሉ፤ እኛ ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ነው የምንደውለው።

ጋሼ ኩሽኔታውን አላዩትም። ገና ሲያስፈቱት "ልጄ፣ አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ከሞተ ዕቃውን ተወውና ቤቱን እይ" አሉኝ። ቤቱ ያሉት ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ብረት ነው፤ ናክል ይሉታል። ጠርገው የውስጡን ስፋት በመለኪያ በአራት አቅጣጫ ለኩት። ክብ መሆን ሲገባው ወደ አንድ በኩል በ8 መቶኛ ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። አንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ምን አለው ይባላል፣ እኔም ብያለሁ። ጋሼ ግን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ኩሽኔታ ጥብቅ ብሎ፣ ዙሪያውን እኩል ተይዞ ነው መቀመጥ ያለበት። በአንድ በኩል ከላላ የውጪው ቀለበት በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ጭነቱ በጥቂት ኳሶች ላይ ብቻ ያርፋል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ይበሱታል። ድምፁ ማለት ኳሶቹ በተበሳው መንገድ ላይ ሲሄዱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ቶሎ ያመጣዋል።

እና ብረቱን ማን አሰፋው? ውስጡ ላይ የጭረት ምልክት አሳዩኝ፤ ኩሽኔታ ተጣምሞ በመዶሻ ሲወጣና ሲገባ የሚተወው ጭረት። መዶሻውን አስታወስኩ። ምሳ የጋበዝኩትን ልጅ አስታወስኩ። ልጁን አልወቅስም፤ ያለ ፕሬስ ልከውታል። የምወቅሰው የላከውን ነው።

ጋሼ ፍትሐዊ ሰው ስለሆኑ ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ ሳልጽፈው ብቀር ደስ አይለኝም። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው፤ የቀኝ ጎማ የመንገዱን ዳር ጉድጓድና የተኛውን ውኃ ከግራው በላይ ይቀምሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኩሽኔታ በመንገዱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እሺ፣ የመጀመሪያውን ለሻጩ ልተውለት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የመዶሻው ናቸው።

የኤቢኤሱም ነገር እዚያው ታወቀ። ኩሽኔታው በአንድ ጎኑ ማግኔት ያለው ቀለበት አለው፤ ሴንሰሩ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ከዚያ ነው። ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። የኛው መካኒክ ገልብጦ ነበር የገጠመው።

ያገለገለ ግን ቤቱ ያልሰፋ ናክል አዲስ አበባ ከተጋጨች መኪና ተፈትቶ በ18,000 ብር ተገኘ። ጋሼ ከመግጠማቸው በፊት እሱንም ለኩት። አንድ ኩሽኔታ ገበያ ላይ በ6,500 ብር ገዛሁ። በፕሬስ ገባ፣ ግፊቱ በውጪው ቀለበት ላይ ብቻ እንዲያርፍ ተደርጎ፤ በውስጠኛው ከተገፋ ገና ሳይነዳ ኳሶቹ መንገዱን ይጎዱታል። የመሐሉ ትልቁ ዳዶ አዲስ ተገዛ፣ በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በልኩ ተጠበቀ። ያ የሆነው ነሐሴ 2017 ነው። ዛሬ ጥር ነው። ድምፅ የለም። መብራትም የለም።

35,500 ብር፣ የእጅ ሳይቆጠር። አንድ የመለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው መጀመሪያ ቢያየው ኖሮ ቢያንስ 11,000ው ይቀር ነበር። የተናደድኩት በብሩ ብቻ አይደለም። ብረቱን ያበላሸው በዋስትናው የተሠራው ጥገና ራሱ ነው፤ ከዚያ ዋስትናው አለቀ ተባልኩ።

ስለ ሕጉም ጠይቄያለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ኩሽኔታ በ15 ቀን ውስጥ አይጮህም። የሰማችሁ ቀን ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። እኔ መጀመሪያ የደወልኩት በስልክ ነው፤ በስልክ የተባለው ሁሉ ዛሬ የለም። ባለሙያው መጥቶ ሲሠራም ምን እንደቀየረ፣ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን አስፈርሜ አልያዝኩም። አሁን ማስረጃዬ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያ ፎቶ እና የምሳው ቀን ነው።

መኪናዋን ደግሜ እገዛታለሁ ወይ? መኪናዋን አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ብትጠይቁኝ ያለማመንታት አዎ። ከዚያ ሻጭ ግን በነፃ ቢሰጠኝም አልወስድም። ሐምሌ ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ ስለ መኪናዋም ሌላ መልስ ነበር የምሰጠው።

ባለፈው ወር ለሻጩ ደብዳቤ ላክሁ፤ የጋሼን ልክ፣ የጭረቱን ፎቶ፣ የሦስቱንም ኩሽኔታዎች ቀን ጽፌ። መልስ አልመጣም። አሮጌውን ናክል አልጣልኩትም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ዕቃ ቤት አስቀምጨዋለሁ። መለኪያ ይዞ የሚመጣ ካለ አውጥቼ አሳየዋለሁ።