ለአንድ ተራራ የሚጻፍ ትንበያ

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለሰደድ እሳት ተከላካዮች ከሚያቀርባቸው አገልግሎቶች ውስጥ፣ «ስፖት ፎርካስት» የሚባለውንና ለአንድ የተወሰነ ቦታ ብቻ የሚዘጋጀውን ትንበያ የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው የእሳቱን መገኛ፣ የቦታውን ከፍታ፣ ተዳፋቱ ወደየት እንደሚመለከት፣ የሚነደውም ሣር፣ ቁጥቋጦ ወይም ደን መሆኑን በኢንተርኔት ሞልቶ ይልካል፤ ባለሙያውም ሙቀቱን፣ አንጻራዊ እርጥበቱን፣ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ለዚያው ቦታ ጽፎ ይመልሳል። ጠዋት ጢሱ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ እሳቱ የበረደ ሲመስል፣ ጢሱን ከላይ የከደነው ሞቃት አየር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገለጥና ነበልባሉ መቼ እንደሚያገረሽ ማወቅ ለተዋጊው የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለመላው አካባቢ የወጣ ትንበያ ይህን ያህል አይወርድለትም።

እሳቱ ሲሰፋ «አይሜት» የሚባለው፣ ለዚሁ የሠለጠነ የሜትሮሎጂ ባለሙያ እስከ ካምፑ ድረስ ይመጣል። በማለዳው ገለጻ ላይ ለአዛዦቹ የቀኑን ነፋስ ያስረዳል፤ ካስፈለገም የመለኪያ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቃል። እሳቱ ዳር ያለው ቃኚ በበኩሉ፣ አንደኛው ጫፉ በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ ሁለት ቴርሞሜትሮችን የያዘ መሣሪያ በእጁ እያሽከረከረ እርጥበቱን ለክቶ በሬዲዮ ያስተላልፋል። በሳተላይት ዘመን ይህ አሮጌ መሣሪያ ከተዋጊው ዕቃ አለመውጣቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ያሰኘኛል።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ከትንበያው ይልቅ በመልእክቱ መንገድ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1994 በኮሎራዶ፣ በስቶርም ኪንግ ተራራ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ የአየር ግንባር ይዞት በመጣው ነፋስ እሳቱ ሽቅብ ተወርውሮ 14 ተዋጊዎችን ሲገድል፣ አየሩ እሳትን እንደሚያባብስ የሚያስታውቀው የ«ቀይ ባንዲራ» ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ተዳፋቱ ላይ ለነበሩት ግን አልደረሳቸውም። ባለሙያውን ካምፕ ድረስ መላክ የሚያስከፍለውን ወጪ እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች ይህን ቀን ቢያስቡት መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ እሳቶች ከመነሣታቸው በፊት የወጣው ማስጠንቀቂያ «እጅግ አደገኛ ሁኔታ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ቋንቋው ግልጽ ነበር። ስፖት ፎርካስቱ ግን ለባለሙያ የተጻፈ በመሆኑ ለተራ አንባቢ ይከብዳል። ትንበያው የሚወጣበት የኢንተርኔት ገጽ ለሕዝብም ክፍት ስለሆነ፣ በእሳት ወቅት የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ ነፋሱ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ሰዓት ይፈልግ።