አርካይቭ፦ ነፃ ነው፣ ማኅተም ግን የለውም

ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ከኢሜይሌ በፊት የማየው አርካይቭን (arXiv)፣ ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን የሚለጥፉበትን ድረ ገጽ ነው። ስለዚህ ግምገማዬ ትንሽ ያደላል፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ፊዚክስ ሊቁ ፖል ጊንስፓርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሙያ ጓደኞቹ ብሎ ነው የጀመረው። ዛሬ በንጹሕ ሒሳብ አዲስ ውጤት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፤ አንባቢም አይከፍል፣ ጸሐፊም አይከፍል። ግሪጎሪ ፔሬልማን የፖንካሬ ጥያቄ የሚባለውን ታዋቂ የሒሳብ ጥያቄ የፈታባቸውን ሦስት ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 እዚያ ለጠፋቸው፣ በቃ። ጆርናል ደጃፍ ድርሽ አላለም። ሌሎች ዓመታት ፈጅተው መስመር በመስመር አጣሩት፤ ልክ ሆኖ ተገኘ።

አጠቃቀሙ ላይ ስንመጣ፣ በላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው) የጻፋችሁትን ፒዲኤፉን ብቻ ብትልኩ አይቀበላችሁም፣ ምንጩን ፋይል ይፈልጋል። አንዴ የወጣ ነገር ደግሞ አይጠፋም። እኔ አንዴ ሁለተኛው ሌማ (ለዋናው ማረጋገጫ መንደርደሪያ የሚሆን ንዑስ ውጤት) ላይ የ«ያንሳል» ምልክቱን ገልብጬ ለጠፍኩ። በማግስቱ አርሜ ሁለተኛውን ቅጂ ላክሁ፣ የመጀመሪያው ግን ከነቀኑ እዚያው ቁጭ ብሎ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጉድለቱ? ማረጋገጫችሁ ልክ ነው ብሎ የሚፈርም የለም። አወያዮች አሉ፤ የሚያዩት ጽሑፉ የምር ጥናት መሆኑንና በዘርፉ መቀመጡን ነው እንጂ ስሌቱን አይፈትሹም። አዲስ ገቢ ደግሞ ነባር ጸሐፊ ድጋፍ እንዲሰጠው ሊጠየቅ ይችላል፤ በሙያው ሰው ለማያውቅ ይሄ ከባድ ነው።

ሥራ ስታመለክቱ ግን «ጆርናል ላይ ወጥቷል?» መባሉ አይቀርም፣ ደሜ የሚፈላውም እዚህ ላይ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ አሳታሚ ጽሑፌን ከተቀበለ በኋላ፣ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ከፈለግህ ብሎ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ጠየቀኝ። የጻፍኩት እኔ፣ የገመገሙት ሳንቲም የማይከፈላቸው ባልደረቦች፣ ያው ጽሑፍ አርካይቭ ላይ በነፃ ተቀምጧል፣ እነሱ የጨመሩት ኮማ ማዘዋወር ነው (ሁለቱን ያለቦታቸው)። አልከፈልኩም።

ለኔ መፍትሔው ዲስክሪት አናሊሲስን የመሰለ ጆርናል ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሒሳብ ሊቁ ቲሞቲ ጋወርስ ነው። ጽሑፉ አርካይቭ ላይ እንዳለ ይቆያል። ጆርናሉ ገምጋሚ ይመድባል፣ ካለፈ ሊንኩን ከአጭር ማብራሪያ ጋር ያወጣል፣ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ነፃ ነገር ተራ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የሒሳብ ሊቁ ቴሬንስ ታኦ የኤርዲሽ የዲስክሬፓንሲ ጥያቄ የሚባለውን ከባድ የሒሳብ ጥያቄ የፈታበትን ጽሑፍ ያወጣው እዚያ ነው። ችግሩ ሜዳው ጠባብ ነው፣ የኔ አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ቦታ የለውም። ለኛ ግን በዚሁ መንገድ የሚሠራ ኤፒጁርናል ደ ጂኦሜትሪ አልጀብሪክ የሚባል ጆርናል አለ። ቀጣዩን ጽሑፌን የምልከው ወደዚያ ነው፣ ምልክቶቹን ሦስት ጊዜ ካየሁ በኋላ።