ለጎልፍ ጂቲአይ የትኛው የሞተር ዘይት ይሻላል? 0ደብሊው-40፣ 5ደብሊው-40፣ 5ደብሊው-30 እና ሌሎቹ ጎን ለጎን

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ነበረችው። የኋላ ክዳኗን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በአሮጌ ጨርቅ ሲጠርግ አጠገቡ ቆሜ ነው ያደግሁት። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ነው። ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። አባቴ ዘይት ሲገዛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «30 ነው ወይስ 40?»

እኔ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ የምነዳው የዚያው ፋብሪካ፣ የቮልስዋገን፣ መኪና ነው። የ2016 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጎልፍ ጂቲአይ፣ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ። 5.7 ሊትር ዘይት ይይዛል። ሱቅ ገብቼ መደርደሪያው ፊት ስቆም ደግሞ ከሃያ የማያንስ ዓይነት ጠርሙስ ይጠብቀኛል። ፈጣን መኪና የያዙ ጓደኞቼ በየሳምንቱ «የቱን ልግዛ?» ይሉኛል። እኔ ራሴ ለዓመታት የሞከርኩትን፣ ያነበብኩትንና የተጸጸትኩበትን እዚህ ላስቀምጥ።

መልሱን ከፊት ልናገር። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ የዚህ ትውልድ ጂቲአይ ካላችሁ፣ ጀርባው ላይ «ቪደብሊው 502 00» የሚል የቮልስዋገን ማጽደቂያ ያለው 40 ዘይት ግዙ፤ 40 ማለት ዘይቱ ሲሞቅ የሚኖረው ውፍረት ነው። 0ደብሊው-40 ወይም 5ደብሊው-40፣ ሁለቱም ይሆናሉ። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ የምትኖሩበት አገር አየርና አነዳዳችሁ ይወስናል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሞተር የሚበላ ነገር አለ።

መኪናችሁ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ወይም አዲስ ከሆነ ግን ቆም በሉ። መመሪያ መጽሐፉ 504 00 ሊላችሁ ይችላል። አንዳንዶቹ አዳዲሶች ደግሞ በጣም ቀጭን የሆነውን 508 00 ይጠይቃሉ፤ እሱ 0ደብሊው-20 ነው። የጭስ ማውጫ ማጣሪያ ያላቸው የአውሮፓ መኪኖች አመድ የሚበዛበት ዘይት ሲቃጠል ማጣሪያቸው ይደፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ መጽሐፉን ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ሂዱ።

የፊቱ ቁጥር እና የጀርባው ጽሑፍ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጠርሙስ አንሱ፣ ሁለቱም 5ደብሊው-30 ይበሉ። አንዱ ለአሜሪካ መኪኖች የተሠራ፣ «ኤፒአይ ኤስፒ» የሚባለውን የአሜሪካ ደረጃ የያዘ ዘይት ነው። ሌላው 504 00 ያለው የአውሮፓ ዘይት ነው። የፊታቸው ቁጥር አንድ ነው። ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም።

ዘይት በ150 ዲግሪ ሙቀት፣ በቤሪንግና በክራንክሻፍት መካከል ተጨምቆ ሲፈተግ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው የሚለካ ፈተና አለ። ኤችቲኤችኤስ ይባላል። ለማንኛውም 30 ዘይት ዝቅተኛው ቁጥር 2.9 ነው። ለ0ደብሊው-40 እና ለ5ደብሊው-40 ደግሞ 3.5። የአውሮፓው 5ደብሊው-30 ግን ስሙ 30 ቢሆንም 3.5 እንዲሞላ ይገደዳል። ማለትም ሞተሩ ሲጨነቅ ከ40 ዘይት ጎን ይቆማል። የአሜሪካው 5ደብሊው-30 ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ስለሚቀጥን 3.0 ወይም 3.1 ላይ ሊቀር ይችላል። ለቶዮታ ካምሪ በጣም ጥሩ ዘይት ነው። ቱርቦው ቀልቶ ለሚሠራ ሞተር ግን እኔ አላምነውም።

ሌላው ልዩነት ትነት ነው። የእኛ ሞተር ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚረጨው። የመግቢያ ቫልቮቹን ጀርባ የሚያጥብ ቤንዚን የለም። ዘይቱ ተንኖ በመተንፈሻው በኩል ሲመለስ እዚያ ላይ ይጋገራል። የኤፒአይ ኤስፒ ዘይት በሙቀት ፈተና እስከ 15 በመቶ እንዲተን ይፈቀድለታል፤ የአውሮፓው ኤ3/ቢ4 ደረጃ ከ13 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሁለት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ያ ጥቁር ቅርፊት በዓመታት ነው የሚጠራቀመው፣ ሲጠረግ ደግሞ ብዙ መቶ ዶላር ነው።

ጠርሙሱን ስታነቡ አንዲት ቃል ተጠንቀቁ። «የጸደቀ» ከተባለ ፋብሪካው ራሱ ፈትሾ ፈቅዶታል ማለት ነው። «ለ502 00 ይመከራል» ወይም «ተስማሚ ነው» ከተባለ ያንን ያለው ዘይት ሻጩ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ኩባንያ ሁለት ዓይነት 5ደብሊው-40 ሠርቶ አንዱ የጸደቀ፣ ሌላው የሚመከር ብቻ ሊሆን ይችላል።

0ደብሊው-40 ወይስ 5ደብሊው-40?

ከ0ደብሊው-40 በኩል ሁሉም የሚያውቀው ሞቢል 1 የአውሮፓ መኪና ፎርሙላ የሚለው ነው። የቪደብሊው 502 00፣ የመርሴዲስ 229.5 እና የፖርሸ ኤ40 ማጽደቂያዎችን ይዟል። በትልልቅ መደብሮች ባለ 5 ኳርቱ ጀሪካን (ኳርት ከሊትር ትንሽ ያንሳል) 30 ዶላር አካባቢ ነው። ጂቲአይ 6 ኳርት ስለሚፈልግ አንድ ተጨማሪ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ። ይህንን ረስቼ ዘይቱ ጎድሎ ማታ በጓደኛ መኪና ወደ ሱቅ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ከ5ደብሊው-40 በኩል ሊኪ ሞሊ ላይሽትላውፍ ሃይ ቴክ አለ። እሱም 502 00 ያለው የጀርመን ዘይት ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ነው። 0ደብሊው ዘይት ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ሞተሩ እንዲዞር ያስችላል ተብሎ ይፈተናል፤ 5ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ላይ። ሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖቻችን መኪናችሁ ውጭ የሚያድር ከሆነ አታመንቱ፣ 0ደብሊው-40 ግዙ። በዚያ ጧት ዘይቱ ቱርቦው ጋ በፍጥነት መድረስ አለበት።

ዳላስ፣ ላስ ቬጋስ፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ላላችሁ ግን እኔ 5ደብሊው-40 እላለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። አንድን ዘይት ከ0 እስከ 40 ለመዘርጋት ውፍረት ጠባቂ ፖሊመር ይጨመርበታል። ፖሊመሩ በብዙ መፈተግ ይቆራረጣል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። ከ5 እስከ 40 መዘርጋት አነስ ያለ ፖሊመር ይበቃዋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት በሐምሌ ሙቀት ዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት የመኪና ትራክ ላይ ነው። ሀይዌይ ላይ የዘይቴ ሙቀት ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ነው የሚውለው። ትራክ ላይ ለሃያ ደቂቃ ስዞር ዳሽቦርዱ 128 አሳየኝ። በዚያ ሙቀት ማንኛውም ዘይት እንደ ውኃ ይቀጥናል። ያን ቀን ሞተሩ ውስጥ የነበረው 5ደብሊው-40 ስለነበር ደስ አለኝ። አንድ ዙር ቀዝቅዤ ነዳሁና ወደ 110 ሲወርድ ወጣሁ።

የአጭር መንገድ ነጂም አትርሱ። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ ሱቅ ሄዶ የሚመለስ ጂቲአይ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። በክረምት ትንሽ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። በ40 የጀመረ ሰው ወደ 30 ቢወርድ ይተርፋል። በቀጭን 30 የጀመረ ሰው ግን የት ይወርዳል?

አንድ ተጨማሪ ነገር ፈልጉ። ከ502 00 ጎን «ኤፒአይ ኤስፒ» ቢኖር ይመረጣል። ከግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመጣ ደረጃ ነው። ቀጥታ መርጫ ያላቸው የቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ቤንዚን ሲረገጥ ካንዴላው ብልጭ ሳይል ነዳጁ በራሱ ሊነድ ይችላል። ያ ፒስተን ይሰብራል። በዘይቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም አንዱ ምክንያት ሆኖ ስለተገኘ ዘይት ሠሪዎች በከፊል በማግኒዥየም ተኩት። በዝግታ እየሄዳችሁ በስድስተኛ ማርሽ ቤንዚን መደፍጠጥም ይቅርባችሁ።

የማልመክራቸው

ሞቱል 300ቪ ድንቅ ዘይት ነው። ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ ኤስተር ከሚባል ሰው ሠራሽ ኬሚካል የተሠራ የውድድር ዘይት ነው። ለውድድር ስለተሠራ ግን ቶሎ መቀየር አለበት፣ የቪደብሊው ማጽደቂያም የለውም። በሊትር ሲሰላ የሞቢልን ሦስት እጥፍ ያህል ትከፍላላችሁ። በየወሩ ትራክ የሚገባ፣ በየጥቂት የውድድር ቀን ዘይቱን የሚቀይር ሰው ይግዛው። ለሥራ መመላለሻ ያንኑ ገንዘብ በሁለት የጸደቀ ዘይት ቅየራ ላይ አውሉት፤ ለሞተሩ የሚሻለው እሱ ነው።

10ደብሊው-60 «በጣም ወፍራም ስለሆነ በጣም ይጠብቃል» የሚሉ አሉ። ቢኤምደብሊው ለኢ46 ኤም3 ሞተር ያዘዘው ዘይት ነው። እዚያ ቦታው ነው፤ ሞተሩ እስከ 8,000 ዙር የሚሮጥ፣ ቱርቦ የሌለው ነው። የጂቲአይ የዘይት ፓምፕ በሁለት ደረጃ ግፊት የሚሠራ ነው፣ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክለውም የዘይት ግፊት ነው። ያንን ሁሉ የነደፉት ለ60 አይደለም።

ሼል ሮቴላ ቲ6 5ደብሊው-40 በዋጋው ይማርካል። ግን ለትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች የተሠራ ነው፣ 502 00 የለውም። ለፒክአፕ ናፍጣችሁ አስቀምጡት።

ኢትዮጵያ ላላችሁ

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ቱርቦ ጎልፍ አለው። ባለፈው ደወለልኝ። «ወንድምጋሼ፣ መካኒኩ 20ደብሊው-50 ይሻላል አለኝ፣ አገሩ ሞቃት ነው ብሎ።»

አዲስ አበባ ሞቃት አይደለችም፤ ከፍ ያለች ናት። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ቱርቦ ያንኑ ኃይል ለመስጠት በጣም በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ ስለዚህ ይግላል። የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው ደግሞ በዘይት ላይ ነው። በጧት ብርድ እንጦጦ ሥር 20ደብሊው-50 እየተጎተተ እስኪደርስ ዘንጉ ይደርቃል። ለአሮጌ ኮሮላ ይሆናል። ለቱርቦ ጎልፍ አይሆንም። በሌላ በኩል 0ደብሊው ለአዲስ አበባ አያስፈልግም፤ ሌሊቱ ያን ያህል አይበርድም። 5ደብሊው-40 ልኩ ነው። ቶታል ኳርትዝ 9000 5ደብሊው-40 ቪደብሊው 502 00 የጸደቀለት ነው፤ ማደያ ላይ ሲገኝ ጀርባውን አንብባችሁ ያዙት።

ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለችውን ጎልፍ በሌላ መተካት ከባድ ነው። ሞተሯን ለማዳን ዘይት ላይ መቆጠብ አይገባም። ስትገዙ የክዳኑ ማኅተም ሳይፈታ መሆኑን እዩ። ዘይት ሲቀየርላችሁ ባዶውን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ ወይም ብሱት፤ ባዶ የታወቀ ጠርሙስ ተመልሶ በሌላ ዘይት እንዳይሞላ። አቧራው ስለሚበዛም በ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ።

የደረሰብኝ

ከሦስት ዓመት በፊት ቸኩዬ አንድ ፈጣን ዘይት ቀያሪ ጋ ገባሁ። «የአውሮፓ ዘይት አላችሁ?» አልኩ። «አለን» አሉኝ። ማታ ደረሰኙን ሳይ 5ደብሊው-30 ተብሎ ተጽፏል፣ ያውም ከበርሜል። ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት ፊልትሮው ክዳን ላይ ያለው ላስቲክ ተጣምሞ ዘይት ያላብ ነበር። የዚህ ሞተር ፊልትሮ ከላይ ነው፣ ክዳኑን በመፍቻ ትንሽ ፈትቶ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። አልጠበቁም። ከታች ያለው የዘይት ማውጫ ቡሽ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ በየቅየራው በአዲስ መተካት አለበት። አሮጌውን መልሰውታል። በማግስቱ ቅዳሜ ሁሉንም አውጥቼ በራሴ እጅ ደግሜ ቀየርኩት።

ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ራሴ እገዛለሁ። የፋብሪካው መጽሐፍ 10,000 ማይል ይላል፤ እኔ በ5,000 እቀይራለሁ። ሌላ ሰው ሲቀይርልኝም ጠርሙሱን ይዤ ሄጄ ሲቀዳ አጠገቡ እቆማለሁ። በየሁለተኛው ነዳጅ ቅጂዬ መለኪያ ዘንጉን መዝዤ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እንደገና አስገብቼ አወጣለሁ። አሁን ያለው ሞቢል 1 0ደብሊው-40 በ5,000 ማይል ውስጥ ግማሽ ኳርት ገደማ ይቀንሳል። በ5ደብሊው-40 ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነበር። በሚቀጥለው ቅየራ ወደ 5ደብሊው-40 እመለሳለሁ።